ወይን በመረቅ

ኖቬምበር 9

ጭጋግ። ደጃፍ ላይ ቆሜ የወይን ተክሎቼን ማየት አልቻልኩም። ወንዙማ ጭራሽ ጠፍቷል። ጥሩ ቀን ነው... ጭጋግ ሲሆን ሥራ የለም፣ ሥራ ከሌለ መብላት ነው።

ጠዋት ምድር ቤት ወርጄ የዘንድሮውን ቀመስኩ። ገና ልጅ ነው፣ ይንጫጫል። ቀለሙ ግን! ብርጭቆውን አዘንብዬ ሳየው ከማዶ ጣቴ አልታየኝም። ኮምጠጥ ብሎ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ መረር ይላል፤ ትንሽ። እንዲያ ነው የምንፈልገው። የኛ አረፋማ ቀይ ወይን፣ ላምብሩስኮ፣ ጣፋጭ ነው የሚሉ ሰዎች ከሱቅ የገዙ ናቸው። እግዜር ይቅር ይበላቸው።

ምሳ ላይ ሚስቴ ዲርቼ ኮተኪኖ ቀቀለች። ስቡ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ቋሊማ... አንድ ጉርሻ ቋሊማ፣ አንድ ጉንጭ ወይን። አረፋው ስቡን ጠራርጎ ይወስደዋል፣ አፍ እንደ አዲስ ይሆናል፣ ሌላ ጉርሻ ያምራል። ሐኪሙ የማይወደው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መረቁ። አባቴ እንደሚያደርገው ጎድጓዳውን ሳህን ይዤ ተነሳሁ፣ ትኩሱ መረቅ ላይ ወይኔን ደፋሁበት፣ ፊቴን ወደ ምድጃው አዙሬ ቆሜ ጠጣሁ። ዲርቼ ከኋላዬ፣

"አንተ ሰውዬ፣ ከፊትህ ይልቅ ጀርባህን ያየሁት ይበልጣል።"

"ዕድለኛ ነሽ። ጀርባዬ ይሻላል።"

ለምን ጀርባ እንደምንሰጥ የሚያውቅ የለም። ድሮ ከብርድ የገባ ሰው ፊቱን እሳት እንዲያስመታ ነው ይላሉ። ሆዳምነቱን ሰው እንዳያይበት ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን የመጀመሪያው ጉንጭ የራስ ስለሆነ ነው እላለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የሁሉም ነው።

ኖቬምበር 11

ሳን ማርቲኖ። አዲሱ ወይን የሚቀመስበት ቀን። ልጄ ሚሬላ ሳትነግረን በባቡር መጣች። አልባ ከተማ አስተማሪ ከሆነች ጀምሮ በሳን ማርቲኖ መጥታ አታውቅም፤ ስለዚህ ገና ስትገባ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"አባዬ፣ ኮራዶ ጠየቀኝ።"

"ምን ጠየቀሽ?"

"ኧረ አባዬ!"

ዲርቼ ማልቀስ ጀምራለች። እኔም ትንሽ... ሽንኩርት ነው አልኩ፤ ቤት ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

ሠርጉ ጁን ላይ ነው። ኮራዶ ደህና ልጅ ነው፣ የከብት ሐኪም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ አባቱ ባሮሎ የሚያመርት ሰው ነው። ያንን ዓመት ሙሉ በርሜል ውስጥ ተኝቶ፣ እንደገና ሌላ ዓመት ተኝቶ፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚወጣ ወይን። የኔ በማርቹ ጨረቃ ይታሸጋል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ይፈላል፣ በበጋ ይጠጣል። ዓመት ከቆየ ይኮሳተራል። እነሱ የሚያስቀምጡት ለልጅ ልጅ ነው፣ እኛ ለእሁድ።

የገና ማግስት ወላጆቹ ምሳ እኛ ጋ ሊበሉ ይመጣሉ። እሰይ አልኩ። ሚሬላ ግን ሳህኑን ስታጥብ ቆይታ ቆይታ፣

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ?"

"ሁለት ለምኚኝ።"

"እነሱ ፊት... መረቁን እንደ ሰው ቁጭ ብለህ በማንኪያ ትጠጣልኛለህ?"

እንደ ሰው! እስከ ዛሬ ምን ነበርኩ?

"እሺ" አልኩ።

"ወይኑንም አትጨምርበትም?"

"እሺ አልኩሽ እኮ።"

ግንባሬን ሳመችኝ። እጇ እርጥብ ነበር።

ኖቬምበር 12

እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንደ ሰው...

ኖቬምበር 20

ለኦሊንዶ ነገርኩት። ስህተት። ከልጅነት ጓደኛ በላይ ጨካኝ የለም።

"በማንኪያ! አንተ? ከዚያ ናፕኪን አንገትህ ላይ ያስሩልሃል፣ ከዚያ አፍህን ይጠርጉልሃል።"

"ዝም በል።"

"ጀርባህን ልትሰጣቸው ነዋ ያሰብከው። ደግ አሰበች ልጅቷ! የማያውቅ ሰው ቤት ገብቶ ባለቤቱ ጀርባውን ቢሰጠው ምን ይላል? ሂድልኝ ያለኝ መሰለኝ ይላል።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነቱን ነው መሰለኝ። አገሩን ለማያውቅ ሰው ስድብ ነው። ታዲያ ሚሬላ ልክ ነች?... ልክ ከሆነች ለምንድን ነው ሆዴ የባባው?

ዲሴምበር 3

በማንኪያ ተለማመድኩ። ዲርቼ ሳቀች፣ ከዚያ አዘነችልኝ፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች።

ያለ ወይን መረቁ መረቅ ብቻ ነው። ጥሩ ነው፤ ማን መጥፎ አለው? ግን ስቡ ምላስ ላይ ይቀመጣል፤ የሚያስነሳው የለም። ወይን ሲገባበት ሮዝ አረፋ ብቅ ይላል፣ ሽታው አፍንጫ ይመታል፣ ሙቀቱም ለብ ይላል... ለማን ነው የማስረዳው?

ዲሴምበር 8

ሚሬላ ስልክ ደወለች። የኮራዶ ወላጆች፣ እነ ሲኞር ቴዎባልዶ፣ ወይናቸውን ይዘው ይመጣሉ አለች።

"የኛስ?"

ስልኩ ውስጥ የሆነ መኪና ሲያልፍ ሰማሁ።

"ከእነሱ ጋር አይሄድም አባዬ። የኮራዶ እናት፣ ሲኞራ ክሎቲልዴ... ጠንቃቃ ሴት ናት። አረፋ ያለው ቀይ ወይን አይታ አታውቅም። ለዚያ ቀን ብቻ። እሺ?"

እሺ። እሺ ማለት እየለመደብኝ ነው። ስልኩን ስዘጋ ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ዲርቼ ላይ ጮህኩ።

"በኔ ወይን ነው ያስተማርኳት! በኔ ወይን ነው ጫማ የገዛሁላት! አሁን አረፋው አሳፈራት!"

ዲርቼ ሹራቧን እየሠራች ቀና አላለችም።

"ቱሪን የሆነውን አታውቅማ።"

"ቱሪን ምን ሆነ?"

አዳሪ ትምህርት ቤት የገባች ዓመት ነው አለች። የመጀመሪያው እሁድ። መረቅ ቀረበላቸው። ልጄ ከጠረጴዛው ላይ የወይን ብርጭቆ አንስታ ደፋችበት፣ ተነሳች፣ ምድጃ ስላልነበረ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጠጣች። አዳራሽ ሙሉ ልጃገረድ። ዓመቱን ሙሉ "በሬዋ" እያሉ ጠሯት። ውኃ ስትጠጣ ሁሉ ጀርባቸውን ይሰጧት ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልታደርግ? ቱሪን ድረስ ሄደህ ሕፃናት ልትገርፍ?"

እገርፍ ነበር።

እዚህ ምድጃ ጋ አጠገቤ ትቆም ነበር እኮ። በትንሿ ሳህን፣ ጠብታ ወይን፣ ፊቷ በእሳቱ ቀልቶ። "አባዬ፣ አሁን ማንም አያየንም አይደል?" ትለኝ ነበር። ማንም አያየንም እላት ነበር... ውሸቴን ነበር ለካ።

እሺ በማንኪያ እጠጣለሁ። ከልቤ ነው አሁን።

ዲሴምበር 24

ሙሉ ቀን መረቅ ውስጥ የሚገባውን ሥጋ የተሞላ ሊጥ፣ አኞሊ፣ ጠቀለልን። ሊጡ ዲርቼ፣ ሥጋው እኔ፣ ማጠፉ ሚሬላ። ጣቶቿ አልረሱም፤ እያወራች ታጥፋለች፣ አታይም። ዲርቼ የኔን እያነሳች "ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ጆሮ ነው?" ትላለች።

ማታ እንደ ደንቡ ዱባ የተሞላ ቶርቴሊ። ዱባው ጣፋጭ፣ ቅቤው ከባድ፣ ወይኔ ደግሞ ኮምጣጣ። ሲጣሉ ደስ ይላሉ። ሚሬላ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። ለሦስታችን ብቻ ሲሆን አታፍርበትም ማለት ነው። ምንም አልተናገርኩም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ዛሬ ሀብታም ነኝ።

ዲሴምበር 25

ገና። ምንም የለም፤ መብላት፣ መተኛት። ከመተኛቴ በፊት ሁለት ጠርሙስ ከወጥ ቤቱ መስኮት ውጪ ብርዱ ላይ አስቀመጥኩ። ለምን? እንጃ። ዲርቼ አይታኝ "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" አለች።

ዲሴምበር 26

ሁሉንም ልጻፈው። ገና እየሳቅሁ ነው።

በሰዓታቸው መጡ። ሲኞር ቴዎባልዶ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ የሠራተኛ እጅ። ወደድኩት። ሲኞራ ክሎቲልዴ ጓንቷን አንድ በአንድ ጣት አወለቀች፤ ቤቱን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ "ሞቅ ያለ ነው" አለች። ሙገሳ ይሁን አይሁን አልገባኝም። ኮራዶ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ ጠቀሰኝ።

ባሮሎው ተከፈተ። እውነቱን መናገር ይገባል፤ ሽታው ሰው ያስቆማል። ደረቅ ጽጌረዳ፣ የድሮ ቁምሳጥን። ግን ከዲርቼ ነጭ ሽንኩርት ያለበት የደረቀ ሳላሜ ቋሊማ ጋር... ጨው ሲነካው ወይኑ ተቆጣ። አፌ ደረቀ። ሲኞራ ክሎቲልዴ ሳላሜውን በቢላና በሹካ ስትበላ አየሁ። ሳላሜ! በእጅ ነው እኮ የሚበላው። ሚሬላም በሹካ በላች። እኔም በሹካ በላሁ። ዲርቼ ሹካዬን አይታ ሳቋን በናፕኪን ሸፈነች።

ከዚያ መረቁ መጣ። አኞሊዎቹ ከላይ ይንሳፈፋሉ፣ እንፋሎቱ ፊቴ ላይ። እግሮቼ ብቻቸውን ሊነሱ ነበር። ያዝኳቸው። ማንኪያ አነሳሁ። ሚሬላ ከጠረጴዛው ማዶ አየችኝና ዓይኗን ዝቅ አደረገች። አንድ ማንኪያ። ሁለት። ባሮሎ ተጎነጨሁ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ሊደንስ እንደተነሳ ሰው ነው፤ ግሩም ሰው፣ ግን ቦታው አይደለም።

"ጣፋጭ ነው" አለች ሲኞራ ክሎቲልዴ።

"ጣፋጭ ነው" አልን ሁላችን። ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው።

ያኔ ነው ሲኞር ቴዎባልዶን ያየሁት። አይበላም። መረቁን ያያል፣ ብርጭቆውን ያያል። እጁ ወደ ብርጭቆው ሄደ፣ አነሳው፣ ወደ ሳህኑ ትንሽ... በጣም ትንሽ አዘነበለው። ሚስቱ አየችው። እጁ ተመለሰ። ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ማንኪያውን አነሳ።

ያቺን እጅ አውቃታለሁ። የራሴ እጅ ናት!

ልናገር? ቃል ሰጥቻለሁ። ያ ትልቅ ሰውዬ ልክ እንደኔ የተቀጣ ተማሪ መስሎ ማንኪያውን እየላሰ... ሁለታችንም ሽማግሌዎች፣ በማንኪያ!

ሚሬላም አይታዋለች። እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች፣ ወጥ ቤት ገባች። የመስኮቱን ድምፅ ሰማሁ። ዲርቼ በጠረጴዛ ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። የቡሹን ማሰሪያ ክር ፈታችው፣ ቡሹ ጮኸ። ሲኞራ ክሎቲልዴ ደነገጠች። ሚሬላ ቆማ ሳህኗ ላይ ደፋችው፤ አረፋው ሮዝ ሆኖ እስከ አፉ ሞላ። ሳህኑን በሁለት እጇ ያዘች፣ ምድጃው ጋ ሄደች፣ ለሁላችንም ጀርባዋን ሰጠችን።

የእሳቱ ድምፅ ብቻ።

"ምን ሆነች?" አለች ሲኞራ ክሎቲልዴ። "ማን አስቀየማት?"

"ማንም፣ እመቤቴ" አለች ዲርቼ። "መረቅ እየጠጣች ነው።"

ሲኞር ቴዎባልዶ ተነሳ።

"ቴዎባልዶ!"

"አንቺ ቆዪ" አለ። ከገባ ጀምሮ የተናገረው ረጅሙ ንግግር ነው። ጠርሙሱን አንስቶ ቀለሙን በመስኮቱ ብርሃን አየ፣ አሸተተ፣ ሳህኑ ላይ ደፋ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"የት ልቁም?"

"በቀኟ በኩል" አልኩት። "ግራው የኔ ነው።"

ሦስታችን። ፊታችን ወደ እሳቱ። ጠጣሁ... ስቡ፣ አረፋው፣ ኮምጣጣው፣ ሁሉም በቦታው። ከጎኔ ሲኞር ቴዎባልዶ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን ይጠጣል።

"አያቴ እንዲህ ነበር የሚጠጣው" አለ ቀስ ብሎ። "የሞንፌራቶ ሰው ነበር። እናንተ አኞሊ፣ እኛ አኞሎቲ በምንለው ላይ ወይን ይደፋ ነበር። በኛ ወይን ሞክሬው አውቃለሁ፤ ተደብቄ። መረቁን ይገድለዋል። ይሄ ግን ያስነሳዋል።"

ከኋላችን የሲኞራ ክሎቲልዴ ድምፅ፣

"ሠላሳ ዓመት! ይህን አመል ከሱ ላይ ለማስለቀቅ ሠላሳ ዓመት ለፍቻለሁ! አንድ ምሳ! በአንድ ምሳ!"

ሚሬላ መሳቅ ጀመረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ መስሎኝ ነበር፤ ሳያት ታለቅሳለች። ሁለቱንም ነበር።

"አባዬ" አለችኝ፣ ሳትዞር፣ እንደ ድሮው። "ማንም አያየንም አይደል?"

"ሁሉም እያዩን ነው፣ ልጄ።"

"ይዩ" አለች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት ሆነ። ኮተኪኖው ሲመጣ ሲኞር ቴዎባልዶ የራሱን ጠርሙስ ገፋ አድርጎ የኔን ጠየቀ። ኮራዶ ሳላሜውን በእጁ በላ። ወይን ውስጥ ያደረው የበሬ ሥጋ ሲመጣ ደግሞ ተራው የኔ ሆነ፤ ባሮሎውን ቀመስኩና እጄን ሰጠሁ። ለዚያ ሥጋ የተፈጠረ ነው። አፍ የሚያደርቀው ነገር እዚያ ላይ ሥራ አገኘ። ለሲኞር ቴዎባልዶ እንደዚያ አልኩት፤ ትከሻዬን መታኝ።

የመጀመሪያው ጉንጭ የራስ ነው ብዬ ባስረዳትም፣ ሲኞራ ክሎቲልዴ መረቋን በማንኪያ ጨረሰች። ቀጥ ብላ። አልቀየምናትም። ስትሄድ ግን ጓንቷን ሳታጠልቅ ነው የጨበጠችኝ።

ዲሴምበር 27

ራሴን አመመኝ። ግድ የለም።

ጃንዋሪ 14

ኦሊንዶ አያምነኝም። "የልጅህ አማት ጀርባውን ሰጠህ? ተሰድበሃል እኮ" ይላል። ይበል። አንድ ጠርሙስ ላምብሩስኮ ሰጥቼው ዝም አስባልኩት። ያውም ለአጭር ጊዜ።

ማርች 30

ጨረቃዋ ደህና ናት። ሙሉ ቀን ጠርሙስ ሞላን። ወገቤ ተቆረጠ። ኮራዶ ከአልባ መጥቶ ረዳን፤ ቡሽ ሲያስር ቋጠሮው የበሬ አፍንጫ የሚያስር ይመስላል። ልማድ ሲሰለጥን ተፈጥሮ ይሆናል፤ የከብት ሐኪም ነው፣ ምን ይደረግ።

ወይኑ ዘንድሮ ጠቁሯል። ጥሩ ነው። ልክ ለጁን ይደርሳል። ለሠርጉ ሳላሜው፣ መረቁና ቋሊማው ከኔ ጋር፣ ጥብሱና የቆየው ፎርማጆ ከባሮሎው ጋር እንዲሆን ተስማምተናል። ሲኞር ቴዎባልዶ በስልክ "ወይኖቹ ከልጆቹ ቀድመው ተጋቡ" አለኝ። ሰውዬው ሲያወራ ያወራል ለካ።

ኤፕሪል 20

የፋሲካ ማግስት። አልባ፣ እነሱ ቤት። የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፍ።

ንጹሕ ቤት። እግር ለማስቀመጥ የሚያስፈራ። ምድጃ የለም። ባለፈው ዓመት ከታሸገው የቀረኝን ጠርሙስ ይዤ ነበር፤ ለሲኞር ቴዎባልዶ በድብቅ ልሰጠው አስቤ ኮቴ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ከመግባቴ ሲኞራ ክሎቲልዴ፣

"ምን ይዘዋል ኮትዎ ውስጥ?"

ተያዝኩ። አወጣሁት። ተቀበለችኝና ይዛው ሄደች፤ አለቀ አልኩ፤ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ልትደፋው ነው። ዲርቼ አፈር ብላ አየችኝ።

መረቅ ቀረበ። አምስታችን ተቀምጠን ጠበቅን፤ ሲኞራ ክሎቲልዴ ከወጥ ቤት አልመጣችም። ሚሬላ ልትጠራት ሄደች፣ በሩ ላይ ቆመች፣ በእጇ ጠራችን። ሁላችንም ቀስ ብለን ሄድን።

ሲኞራ ክሎቲልዴ ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ፍሪጁ አዙራ ቆማ ትጠጣለች። ጠርሙሱ አጠገቧ ነው። ጎድሏል።

"እንዳታዩኝ" አለች ሳትዞር። "የመጀመሪያው ጉንጭ የራስ ነው ብለው የለ፣ ቫስኮ?"

በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሲኞር ቴዎባልዶ ግድግዳውን ተደግፎ እንባውን ጠረገ፤ ሳቅ አንቆት።

ከሰዓት በኋላ ከኮራዶ ጋር በባሮሎው ተክል መካከል ተራመድን። እሱና ሚሬላ ሠርጉ የሚደረግበትን ቤት መርጠዋል፤ ከከተማው ወጣ ያለ የድሮ እርሻ ቤት።

"ሌላ ቆንጆ ቤት አይተን ነበር" አለኝ። "የአትክልት ቦታ ያለው፣ ወንዙ የሚታይበት። እናቴ ወዳው ነበር። ሚሬላ ግን ሁሉም ጋ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ባለቤቶቹ ያበደች ነው የሚመስላቸው።"

"ምን ብላ ነው የምትጠይቀው?"

"'ምድጃ አለው ወይ? ለሰው ሁሉ የሚበቃ?' ትላለች። በጁን! 'ይነድዳል?' ትላቸዋለች። 'አባቴ መቆሚያ ይፈልጋል፤ እኔም ከጎኑ' ትላለች።"

ዓይኔ ደበዘዘብኝ። ጭጋግ አልነበረም፣ ሽንኩርትም አልነበረም። ጀርባዬን ሰጠሁት።